ያረጀ መኪና ሞተር ምት ሲስት፦ ጥፋቱን ደረጃ በደረጃ የማግኛ መመሪያ

የቆየ መኪና የሚይዝ ሰው ሞተሩን በጆሮው ያውቀዋል። አንድ ቀን ያ የለመደው ወጥ ድምፅ ይቆራረጣል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጣል፣ ከማርሚታው አልፎ አልፎ «ፑፍ» የሚል ድምፅ ይወጣል፣ ዳገት ላይ ጉልበቱ ይከዳል። በዚህን ጊዜ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ካርቡራተሩን ይፈታል፣ ወይ ደግሞ ካንዴላ፣ ገመድ፣ ኮይልና ኮንደንሰር በአንድ ላይ ገዝቶ ሁሉንም ይለውጣል። የመጀመሪያው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ምንም ያልሆነውን ዕቃ ይነካካል። ሁለተኛው ሰው ቢሳካለት እንኳ ጥፋቱ የቱ እንደነበረ አያውቅም፤ ካልተሳካለት ደግሞ ከአሮጌው ጥፋት ላይ የአዳዲስ ዕቃዎችን ጥፋት ጨምሮ ይቀመጣል።

ስለዚህ ቁልፍና ካቻቢቴ ከማንሳትዎ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ ምት የሚስተው የትኛው ሲሊንደር ነው? የሚስተውስ መቼ ነው? ከዚህ በታች ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መከተል ነው።

መመሪያው የተጻፈው ካርቡራተር (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል)፣ ዲስትሪቢዩተር (የኮይሉን ከፍተኛ ቮልቴጅ ለየካንዴላው የሚያከፋፍል) እና ፑንቲና (ወደ ኮይሉ የሚሄደውን ጅረት የሚያቋርጥ) ላላቸው የቤንዚን ሞተሮች ነው። የኤሌክትሪክ ልኬቶቹ ለ12 ቮልት መኪና ናቸው። መኪናዎ 6 ቮልት ከሆነ ዘዴው ያው ነው፤ ቁጥሮቹን ግን ከመኪናው የጥገና መጽሐፍ ይውሰዱ። በአጠቃላይ እዚህ ያለው ቁጥር ከመጽሐፉ ጋር ከተጋጨ መጽሐፉን ይመኑ።

ምት መሳት ማለት ምን ማለት ነው?

ባለ አራት ምት ሞተር ውስጥ እያንዳንዱ ሲሊንደር ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳይሰጠው በቀስታ ሲዞር) በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር፣ ዲስትሪቢዩተሩ በሰከንድ ወደ 27 ብልጭታዎች ያከፋፍላል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ በቦታው ካልተገኘ፣ ወይም ተገኝቶ የሚያቀጣጥለው ነገር ካጣ፣ ያ ሲሊንደር በዚያ ዙር ሥራ ፈቶ ያልፋል።

ለማቀጣጠል ሦስት ነገሮች ያስፈልጋሉ፦ በሰዓቱ የደረሰ ጠንካራ ብልጭታ፣ የተመጣጠነ የአየርና የቤንዚን ድብልቅ፣ እንዲሁም ድብልቁን አጥብቆ የሚይዝ እመቃ። ባረጁ መኪናዎች ላይ ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው የመጀመሪያው ነው። ብልጭታውን የሚሠሩት ዕቃዎች በንዝረት፣ በሙቀትና በእርጥበት ስለሚያልቁ ነው። ካርቡራተር በአንድ ሌሊት አይበላሽም፤ የፑንቲና ክፍተት ግን በየኪሎሜትሩ ይለወጣል።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው መሣሪያ ብዙ አይደለም። የካንዴላ ቁልፍ፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለኩበት ስስ ብረቶች)፣ መልቲሜትር፣ ገመዱ ላይ የሚቆነጠጥ የማቀጣጠያ ጊዜ መመልከቻ መብራት፣ የእመቃ መለኪያ፣ እንዲሁም የብልጭታ መፈተሻ በቂ ናቸው። ቫኪዩም (ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጥረው የመሳብ ኃይል) መለኪያ ቢኖርዎት ደግሞ ከሁሉ በላይ ብዙ ነገር በትንሽ ድካም ይነግርዎታል።

ጥንቃቄው ግን የሚዘለል አይደለም። ኮይሉ የሚያወጣው ቮልቴጅ 20,000 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ በተለይ የልብ ምት መቆጣጠሪያ መሣሪያ የተተከለለት ሰው ከዚህ ሥራ ይራቅ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር ሲያስነሱ በርና መስኮት ይከፈት፤ ከማርሚታ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም። ብልጭታ በሚፈተሽበት አካባቢ የፈሰሰ ቤንዚን አይኑር፣ የእሳት ማጥፊያውም በእጅ ርቀት ይቀመጥ። ልቅ እጅጌ፣ ሻርፕና ረጅም ፀጉር ከማራገቢያውና ከቀበቶው ይራቁ።

አንድ ተጨማሪ ምክር፦ ከካንዴላ ገመዶች አንዱን እንኳ ሳይነቅሉ የሁሉንም አቀማመጥ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። በብዙ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተሮች የማቀጣጠል ተራው 1-3-4-2 ነው፤ በአንዳንዶቹ 1-2-4-3፣ በፎልክስዋገን ቢትል ደግሞ 1-4-3-2 ነው። ሁለት ገመዶች ቦታ ከተለዋወጡ ሌላ ምርመራ ሁሉ ከንቱ ነው።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ሞተሩን አስነስተው ያሙቁት፤ ከዚያም ከመኪናው ኋላ ቆመው የማርሚታውን ድምፅ ያዳምጡ። የሚስተው ምት እንደ ከበሮ ልኩን ጠብቆ የሚመላለስ ከሆነ፣ ጥፋቱ ከአንድ የተወሰነ ሲሊንደር ጋር የተያያዘ ነው፤ ካንዴላ፣ ገመድ፣ ቫልቭ ወይም እመቃ ማለት ነው። ወጥነት የሌለው፣ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋ ከሆነ ግን ሁሉም ሲሊንደሮች የሚጋሩትን ነገር ይጠርጥሩ፤ ኮይል፣ ፑንቲና፣ ኮንደንሰር፣ ሮተር (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚዞረው ማከፋፈያ)፣ የማስነሻ ቁልፍ፣ ወይም ነዳጅ።

ከዚያ የሚስትበትን ጊዜ ይለዩ። ሚኒሞ ላይ ብቻ ስቶ ፍጥነት ሲጨምር የሚስተካከል ሞተር ብዙ ጊዜ የሆነ ቦታ ያልተፈለገ አየር ይስባል፣ ወይም የሚኒሞው ጂግለር (ቤንዚን የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) ተደፍኗል። ዳገት ላይ ወይም ቤንዚን ሲሰጡት ብቻ የሚስት ከሆነ ብልጭታው ደካማ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለው ግፊት በጨመረ ቁጥር ብልጭታው የካንዴላውን ክፍተት ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋልና፣ የተሰነጠቀ የዲስትሪቢዩተር ክዳን ወይም ያረጀ ገመድ የሚጋለጠው በዚህ ጊዜ ነው። ከፍተኛ ፍጥነት ላይ ለጥቂት ጊዜ ጥሩ ሄዶ ከዚያ የሚደክም፣ እግር ሲነሳለት የሚያገግም ሞተር ነዳጅ አልደረሰውም። ሲሞቅ ብቻ የሚስት ከሆነ ኮይልና ኮንደንሰር ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። ዝናብ ወይም ጠዋት ጠዋት ጤዛ ላይ የሚስት ከሆነ ደግሞ ገመዶቹንና ክዳኑን ይመልከቱ።

አንድ ቀላል ሙከራ እዚህ ላይ ብዙ መንገድ ያሳጥራል። ሞተሩ እየሳተ ሳለ ቾኩን (ወደ ካርቡራተሩ የሚገባውን አየር የሚቀንሰውን) በትንሹ ይሳቡ። ድምፁ ከተሻሻለ ድብልቁ ቤንዚን አንሶታል፤ ወደ አየር መግቢያና ወደ ነዳጅ መስመር ይሂዱ። ከባሰበት ድብልቁ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም ብልጭታው ደካማ ነው። ምንም ካልተለወጠ እጅዎን ከካርቡራተሩ ላይ ያንሱና ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይለፉ።

ደካማውን ሲሊንደር ማግኘት

የድሮ መካኒኮች ሞተሩ እየሠራ ገመዶቹን በየተራ እየነቀሉ ያዳምጡ ነበር። ዘዴው ትክክል ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ሰውን በኤሌክትሪክ ያስመታል፣ ሜዳ ላይ የቀረ ከፍተኛ ቮልቴጅም ኮይሉን ከውስጥ ሊበሳው ይችላል። ፑንቲናው በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የተተካበት መኪና ከሆነ ደግሞ ማቀጣጠያው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ይሥሩት፦

1. ሚኒሞውን ወደ 1,000 ዙር ከፍ ያድርጉ፤ ከዚያ ሞተሩን ያጥፉ።
2. የ1ኛውን ሲሊንደር ገመድ ከካንዴላው ይንቀሉና ከብልጭታ መፈተሻ ጋር ያገናኙ። የመፈተሻውን መቆንጠጫ ንጹሕ ብረት ላይ፣ ማለትም ከማሳ ጋር በደንብ ያያይዙ።
3. ሞተሩን አስነስተው የዙሩን መጠንና ድምፁን ይመዝግቡ። ከዚያ አጥፍተው ገመዱን ይመልሱ።
4. ለሁሉም ሲሊንደሮች ይድገሙት።

ጤነኛ ሲሊንደር ሲቋረጥ ሞተሩ ወዲያው ይደክማል፤ ዙሩ በግልጽ ይወርዳል። ገመዱ ተነቅሎም ምንም ለውጥ ካላመጣ፣ ያ ሲሊንደር ቀድሞውኑ አይሠራም ነበር። በባለ 8 ሲሊንደር ሞተር የአንዱ መጥፋት ለጆሮ በቀላሉ አይሰማምና ዙር መቁጠሪያ ይጠቀሙ። ገመድ መንቀል ለማይፈልግ ሰው ሌላ አማራጭ አለ፤ ቀዝቃዛ ሞተር እንደተነሳ የማርሚታውን መግቢያ ቱቦዎች በሙቀት መለኪያ ጨረር መለካት ነው። ያልሠራው ሲሊንደር ቱቦ ከሌሎቹ ይቀዘቅዛል።

አንድ ሲሊንደር ብቻ ከተገኘ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላ ከጎረቤቱ ጋር ይለዋውጡና ፈተናውን ይድገሙ። ጥፋቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ መልሱን አገኙ። ካልሄደ ገመዱን ያለዋውጡ። ሁለቱም ተለዋውጠው ጥፋቱ እዚያው ሲሊንደር ላይ ከቀረ፣ የክዳኑን ጫፍ ብቻ ተመልክተው በቀጥታ ወደ እመቃ ልኬት እንዲዘሉ እመክራለሁ። ኮይሉና ፑንቲናው ሁሉንም ሲሊንደሮች እኩል ያገለግላሉና አንዱን ለይተው አይበድሉም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከደከሙ ደግሞ በመካከላቸው የተቃጠለ የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሊኖር ይችላል፤ መኪናው ሁለት ካርቡራተር ካለው ደግሞ ሁለቱን የሚመግበውን ካርቡራተር ይመርምሩ።

ካንዴላውን ማንበብ

ካንዴላ የሚነበበው ከጉዞ መልስ ነው፤ ሚኒሞ ላይ ብዙ የቆየ ሞተር ሁሉንም ካንዴላዎች ያጠቁራል። ቴስታታው አልሙኒየም ከሆነ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ አለበለዚያ ጥርሱ ይበላሻል። ከመንቀልዎ በፊት በዙሪያው ያለውን አሸዋና ቆሻሻ በአየር ይንፉት፤ ሲሊንደሩ ውስጥ መግባት የለበትም። የተነቀሉትንም በሲሊንደራቸው ተራ ደርድረው ያስቀምጡ።

ፈካ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫማ ቀለም ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን የበዛበትን ድብልቅ ወይም ደካማ ብልጭታን ያመለክታል። በቤንዚን የራሰ ካንዴላ ምንም ብልጭታ ያልደረሰው ነው። የሚያብረቀርቅ እርጥብ ጥቁር ዘይት ከታየ ዘይቱ በፒስተን ቀለበቶች ወይም በቫልቭ መምሪያዎች በኩል እያለፈ ነው። ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ወይም ጫፉ የቀለጠ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ድብልቁ ሳስቷል፣ ማቀጣጠያው ቀድሟል፣ ወይም የካንዴላው የሙቀት ደረጃ ለሞተሩ አይሆንም። ከቀለሙ ይልቅ ግን ልዩነቱን ይዩ። አራቱም ጥቁር ከሆኑ ነገሩ የጋራ ነው፤ ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ጥቁር ከሆነ ጥፋቱ የዚያ ሲሊንደር ነው።

ነጩ ሸክላ ላይ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ መኖሩን በብርሃን ይመልከቱ። ክፍተቱን ደግሞ ይለኩ፤ በአብዛኞቹ ፑንቲና ባላቸው መኪናዎች ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ ሰፍቶ ከተገኘ ሞተሩ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚስትበትን ምክንያት ይነግርዎታል። ሲመልሱት መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያጥብቁ፤ ቁልፍ የመጨረሻው ዙር ላይ ይግባ።

ገመድ፣ ክዳንና ሮተር

ጨለማ ቦታ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን ያስነሱ። በገመዶቹ ላይ የሚሮጥ ሰማያዊ ብልጭታ ካዩ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግዎትም። ካላዩ በሚረጭ ጠርሙስ ቀጭን የውኃ ጉም ገመዶቹና ክዳኑ ላይ ይንፉ። ውኃው ሲነካው ሞተሩ መሳት የጀመረበት ቦታ ደካማው ቦታ ነው። እጅዎ ገመዶቹን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

መልቲሜትሩን ወደ ኦም አዙረው እያንዳንዱን ገመድ ይለኩ። የመዳብ ሽቦ ያላቸው ገመዶች ዜሮ የተጠጋ ልኬት ይሰጣሉ። የካርቦን ገመዶች ግን በሺዎች የሚቆጠር ኦም አላቸው፤ ይህም እንደ ርዝመታቸው ይለያያል። የሚፈልጉት ከእህቶቹ እጅግ የራቀውን ወይም ፈጽሞ የማያስተላልፈውን ነው። እየለኩ ሳለ ገመዱን ቀስ ብለው ያጥፉት፤ ውስጡ የተቆረጠ ከሆነ ቁጥሩ ይዘልላል።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ገልብጠው በጠንካራ ብርሃን ይመርምሩ። በእርሳስ የተሰመረ የሚመስል ቀጭን ጥቁር መስመር ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ወይም ወደ ጠርዙ ከሄደ፣ ኤሌክትሪኩ የራሱን አቋራጭ መንገድ አቃጥሏል፤ ክዳኑ ይለወጣል፣ ተፍቆ አይድንም። መሐል ያለችው የካርቦን ዘንግ በስፕሪንግ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንቀሳቀስ አለባት። ሮተሩም መሐል ላይ ካለው ብረት ሥር በውስጡ ተበስቶ ኤሌክትሪኩን ወደ ዘንጉ ሊያፈስ ይችላል። ይህ ጥፋት ለዓይን አይታይም። አሁን በገበያ ላይ ከሚሸጡት አዳዲስ ሮተሮችና ኮንደንሰሮች ውስጥ ጥራታቸው የወረደ ስለማይጠፋ፣ «ትናንት ነው የለወጥኩት» የሚለው አነጋገር ማንንም ነጻ አያወጣም።

የገመዶቹ አዘረጋግም ጉዳይ አለው። የማቀጣጠል ተራቸው ተከታታይ የሆኑ፣ ቦታቸውም ጎን ለጎን የሆነ ሲሊንደሮች ገመድ ተጣብቆ ትይዩ ከሄደ፣ የአንዱ ቮልቴጅ በሌላው ላይ ብልጭታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ተራቸው 1-8-4-3-6-5-7-2 የሆነ ባለ 8 ሲሊንደር የአሜሪካ ሞተሮች ላይ 5ኛውና 7ኛው በዚህ የታወቁ ናቸው። ገመዶቹን አለያይተው ወይም አቋርጠው ይዘርጓቸው።

ፑንቲናና ኮንደንሰር

እዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ፑንቲናው ሲዘጋ ጅረት በኮይሉ ውስጥ ያልፋል፤ ሲከፈት ይቋረጣል፤ ብልጭታው የሚወለደው በዚያች የመቋረጫ ቅጽበት ነው። ኮንደንሰሩ ደግሞ መቋረጡ ፈጣንና ንጹሕ እንዲሆን ያደርጋል። እሱ ከሞተ ኃይሉ ፑንቲናው ላይ በነደደ ቢጫ ብልጭታ ይባክናል፣ ካንዴላው ጋ የሚደርሰው ደካማ ይሆናል፣ የፑንቲናውም ገጽ በፍጥነት ይቃጠላል።

1. ክዳኑንና ሮተሩን አውልቀው የፑንቲናውን ሁለት ገጾች ይመልከቱ። ጠቁረው ወይም አንዱ ጎድጉዶ ሌላው ጉብታ አውጥቶ ከተገኙ ይለውጧቸው። በችግር ጊዜ በቀጭን ሞረድ ተስተካክለው ሊያደርሱዎት ይችላሉ።

2. ሞተሩን በእጅ አዙረው የፑንቲናው ተረከዝ የዘንጉ ጉብታ ጫፍ ላይ ሲቀመጥ ክፍተቱን ይለኩ። በብዙ መኪናዎች 0.4 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ከዚያ በሌሎቹ ጉብታዎችም ላይ ይለኩ። በጉብታዎቹ መካከል ልዩነት ካለ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ወይም ማቀፊያው አልቋል። ዘንጉን ወደ ጎን ሲገፉት ከተንቀሳቀሰ ጥርጣሬው ተረጋገጠ፤ እንዲህ ያለ ዲስትሪቢዩተር ላይ የፈለገውን ያህል አዲስ ፑንቲና ቢገጠም ሞተሩ ወጥ አይሆንም።

3. የመዝጊያ ማዕዘን (ፑንቲናው ተዘግቶ የሚቆይበት የዘንጉ ዙር መጠን) መለኪያ ካለዎት ከፊለር ጌጅ የተሻለ ነው። በባለ 4 ሲሊንደር ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይሆናል። ዙሩ ሲጨምር ልኬቱ ከ3 ዲግሪ በላይ ከተንቀጠቀጠ ይህም ያለቀ ዘንግ ነው።

4. ፑንቲናው ተዘግቶ፣ የማስነሻ ቁልፉ ተከፍቶ፣ ከፑንቲናው ጋር በተገናኘው የኮይል ጫፍና በማሳ መካከል ቮልቴጁን ይለኩ። ወደ ዜሮ የቀረበ፣ ቢበዛ 0.2 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት። ከዚያ ከበለጠ የቆሸሸ ፑንቲና፣ ያረጀ ሽቦ ወይም ደካማ የማሳ ግንኙነት አለ። ለመሥራት አንድ ደቂቃ የማይፈጅ፣ ነገር ግን እምብዛም የማይሠራ ፈተና ነው። ለክተው ከጨረሱ በኋላ ቁልፉን ይዝጉ፤ ፑንቲናው ተዘግቶ ቁልፉ ተከፍቶ ከቆየ ኮይሉ ይግላል።

5. ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ሽቦዎች ይመልከቱ፤ አንዱ ወደ ፑንቲናው የሚገባው፣ ሌላው ፑንቲናው የተቀመጠበትን ሰሌዳ ከማሳ ጋር የሚያገናኘው ነው። ከሞተሩ በቱቦ የሚመጣው ቫኪዩም ሰሌዳውን በሳበው ቁጥር ስለሚታጠፉ፣ ከዓመታት በኋላ መሸፈኛቸው ሳይቀደድ ውስጣቸው ይበጠሳል። ምልክቱ ቀላል ጉዞ ላይ፣ ቤንዚን በትንሹ ሲሰጥ የሚመጣ መሳት ነው። የቫኪዩሙን ቱቦ ነቅለው ጫፉን ይድፈኑና ይንዱት፤ መሳቱ ከጠፋ እነዚህን ሽቦዎች አገኟቸው ማለት ነው። ብዙ ካርቡራተር ያለ ጥፋቱ የተፈታው በዚህች ሽቦ ምክንያት ነው።

ኮንደንሰሩን በቤት ውስጥ በአስተማማኝ መንገድ መፈተሽ ይከብዳል፤ ሲሞቅ ብቻ የሚከዳም አለ። ስለዚህ መሥራቱ የተረጋገጠ ሌላ ኮንደንሰር ገጥሞ ማየት ይሻላል።

የፑንቲናውን ክፍተት ከነኩ የማቀጣጠያውን ጊዜ እንደገና መለካት ግዴታ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ማቀጣጠያው ይቀድማል፤ ሲጠብ ይዘገያል። በመብራቱ ሲመለከቱ ዙር በጨመረ ቁጥር ምልክቱ ያለ መንገጫገጭ ወደፊት መሄድ አለበት። ካልሄደ በውስጡ ያሉት የሴንትሪፉጋል ክብደቶች ዝገው ተጣብቀዋል።

ኮይልና የሚደርሰው ኤሌክትሪክ

ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሩ ዙር ጨምሮ ሲሠራ ደግሞ ከ13.8 እስከ 14.4። ሞተሪኖው (ማስነሻ ሞተሩ) ሲያዞር ከ9.6 በታች የሚወርድ ከሆነ ስለ ብልጭታ ከማውራት በፊት ባትሪውን፣ ገመዶቹንና ማሳውን ያስተካክሉ።

የኮይሉን የመጀመሪያ ጥቅል ሽቦዎቹን ነቅለው ይለኩ። ያለ ተጨማሪ ሬዚስተር የሚሠራ ኮይል ወደ 3 ኦም፣ በሬዚስተር የሚሠራ ደግሞ ወደ 1.5 ኦም ይሰጣል። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ጣጣ ነው፤ በሬዚስተር መሥራት ያለበት ኮይል ሙሉ 12 ቮልት ከተሰጠው ይግላል፣ ፑንቲናውንም ያቃጥላል። በተቃራኒው የ3 ኦም ኮይል ከሬዚስተር ጋር ከተገጠመ ብልጭታው ይደክማል። ሞተሩ ሲያስነሱት ተነስቶ ቁልፉን ሲለቁት ወዲያው የሚሞት ከሆነ ሬዚስተሩ ተበጥሷል። ሁለተኛው ጥቅል ከ5,000 እስከ 15,000 ኦም ባለው ክልል ውስጥ ይሆናል። ሆኖም እነዚህ ልኬቶች ጥሩ ሆነውም ኮይሉ ሲሞቅ ሊከዳ ይችላልና፣ ጥፋቱ ሲመጣ እዚያው ቆመው በትኩሱ ይለኩት።

የኮይሉ ሁለት ትንንሽ ጫፎች ተገላብጠው እንዳልተገናኙም ያረጋግጡ፤ ተገላብጦ የታሰረ ኮይል ይሠራል፣ ነገር ግን ካንዴላው ለመዝለል ተጨማሪ ቮልቴጅ ይፈልጋል። የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከማሳ ጋር በታሰረባቸው የቆዩ የእንግሊዝ መኪናዎች፣ በኋላ የባትሪ አያያዛቸው በተገለበጠው ላይ በተለይ ይህን ይመልከቱ። ለብልጭታው ጥንካሬ የመጨረሻው ዳኛ የሚስተካከል መፈተሻ ነው፤ 6 ሚሊሜትር የሚያህል ክፍተት በአየር ላይ ያለ ማወላወል መዝለል አለበት። ካንዴላን ነቅሎ ሞተሩ ላይ አስደግፎ ማየት ግን ያታልላል፤ በአየር ላይ የሚዘል ብልጭታ በእመቃ ሥር ላይዘል ይችላል።

አየርና ነዳጅ

ያልተፈለገ አየር የሚገባባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ የካርቡራተሩ መቀመጫ ጓርኒሲዮን፣ የመሳቢያው ማኒፎልድ፣ የካርቡራተሩ ያለቀ ዘንግ፣ የተሰነጣጠቁ የጎማ ቱቦዎች፣ እንዲሁም ፍሬን አጋዡ። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ያፍኗቸው፤ ሲታፈን ሞተሩ ከተስተካከለ ቱቦውን ወይም ጫፉ ላይ ያለውን ዕቃ ያገኛሉ። መጋጠሚያዎቹ ላይ ደግሞ የሳሙና ውኃ ይርጩ፤ ለአፍታ ቀዳዳውን ሲደፍነው ድምፁ ይለወጣል። ብዙ ሰው ለዚህ የካርቡራተር ማጽጃ ይረጫል። ይሠራል፤ ነገር ግን ብልጭታ በሚያፈስ አሮጌ ሞተርና በጋለ ቱቦ ላይ ተቀጣጣይ ነገር መርጨትን አልመክርም።

ቫኪዩም መለኪያ ከማኒፎልዱ ጋር ሲገናኝ፣ በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል፤ መርፌውም አይንቀሳቀስም። በየ300 ሜትር ከፍታ ወደ 1 ኢንች ይቀንሳልና ከፍ ያለ አገር ላይ ቁጥሩ ዝቅ ቢል አይደንግጡ። መርፌው ዝቅ ብሎ ከረጋ አየር ይገባል ወይም ማቀጣጠያው ዘግይቷል። ልኩን ጠብቆ አንድ ጊዜ ወደታች የሚመታ መርፌ የማይዘጋ ቫልቭ ምልክት ነው።

ነዳጁን ለመፈተሽ ከመስመሩ ጥቂት ወደ ብርጭቆ ይቅዱና ያስቀምጡት፤ ውኃ ካለ ከሥር ይለያል፣ ዝገትም ይዘቅጣል። የማጠራቀሚያውን ክዳን ሲከፍቱ አየር የመሳብ ድምፅ ከሰሙ የአየር መግቢያው ተደፍኗል። ማጣሪያውን ይለውጡ፣ የፓምፑን ግፊትም ከመጽሐፉ ጋር ያስተያዩ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ከውስጥ ያፈራርሳል፤ ፍርፋሪው መጨረሻ ላይ ጂግለር ውስጥ ይገኛል። ካርቡራተር የሚከፈተው ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላ ነው፤ ያኔም በመጀመሪያ የሚታየው የተንሳፋፊው ከፍታና የጂግለሮቹ ንጽሕና ነው። ጂግለር በአየር ይነፋል፣ ሽቦ አይገባበትም።

እመቃና ቫልቭ

ሞተሩን አሙቀው ሁሉንም ካንዴላዎች ይንቀሉ፤ ኮይሉን ያቋርጡ፣ ነዳጅ ወደ ካርቡራተሩ እንዳይመጣ ያድርጉ። አንድ ሰው የነዳጅ መስጫውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ረግጦ ይያዝ፤ አለበለዚያ ሁሉም ልኬቶች በሐሰት ዝቅ ይላሉ። እያንዳንዱን ሲሊንደር እኩል ያዙሩ፤ 5 ወይም 6 ምት በቂ ነው።

በብዙ የቆዩ ሞተሮች ልኬቱ ከ8 እስከ 12 ባር ባለው ውስጥ ይወድቃል። ከቁጥሩ ይልቅ መቀራረቡ ይበልጣል፤ በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ሊኖር አይገባም። ዝቅ ያለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው ይድገሙ። ልኬቱ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶች ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ አልቋል። ባለበት ከቀረ ቫልቩ ወይም ጓርኒሲዮኑ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ፒስተኑን ቫልቮቹ በተዘጉበት የላይኛው ጫፍ ላይ አድርሰው በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር ያስገቡና ያዳምጡ። ሞተሩ ድንገት ሊዞር ስለሚችል እጅ ከማራገቢያው ይራቅ። ነፋሱ በካርቡራተሩ ከተሰማ የመሳቢያው ቫልቭ፣ በማርሚታው ከተሰማ የማስወጫው ቫልቭ፣ በዘይት መሙያው ከወጣ ቀለበቶቹ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከሠራ ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ወይም ስንጥቅ ነው።

ቴስታታ ለማውረድ ከመወሰንዎ በፊት ግን የቫልቮቹን ክፍተት ይለኩ። ክፍተቱ የጠፋበት ቫልቭ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ ሙቀቱንም ለመቀመጫው ማስተላለፍ ስለማይችል ይቃጠላል። ቀድሞ ከተደረሰበት በፊለር ጌጅና በካቻቢቴ ብቻ የሚድን ጥፋት ነው። ክፍተቱ የሚለካው በቀዝቃዛ ይሁን በሙቅ ሞተር መጽሐፉን አይተው ይወስኑ። ከፍተኛ ዙር ላይ ብቻ የሚስት፣ እመቃውም ብልጭታውም ደህና የሆነ ሞተር ካጋጠመዎት የተሰበረ የቫልቭ ስፕሪንግ ይፈልጉ።

ጥፋቱ ሲፈለግ የሚጠፋ ከሆነ

አልፎ አልፎ ብቻ የሚመጣ መሳት ትዕግሥትን ይፈታተናል። ለዚህ የማቀጣጠያ ጊዜ መመልከቻው መብራት ከማንም በላይ ይረዳል፤ መቆንጠጫውን በየተራ በእያንዳንዱ ገመድ ላይ አድርገው ብርሃኑን ይመልከቱ። ሞተሩ ሲስት ብርሃኑም ከዘለለ ብልጭታው ወደዚያ አልሄደም። በአንድ ገመድ ላይ ብቻ ከዘለለ ጥፋቱ ከዚያ ሲሊንደር መስመር ነው፤ ከኮይሉ ወደ ክዳኑ በሚሄደው ገመድ ላይ ከዘለለ ከኮይሉ ወደ ኋላ ነው። ብርሃኑ ወጥ ሆኖ ሞተሩ ብቻ ከሳተ፣ ካንዴላው ራሱ ካልሆነ በቀር ጥያቄው የነዳጅ ወይም የእመቃ ነው።

ሞተሩ እየሠራ የዝቅተኛ ቮልቴጅ ሽቦዎቹን በደረቅ እንጨት ቀስ ብለው ያነቃንቁ፤ በተለይ የማስነሻ ቁልፉን ጀርባ፣ የኮይሉን ጫፎችና ከሞተሩ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን የማሳ ገመድ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፣ ከዚያም ጥፋቱ ይታይበት በነበረው ሁኔታ፣ በዚያው ዳገት፣ በዚያው ሙቀት ይንዱት። የተገኘውን ልኬት ሁሉ፣ የእመቃውን፣ የኦሙንና የፑንቲናውን ክፍተት፣ ከቀኑና ከኪሎሜትሩ ጋር ደብተር ላይ ያስፍሩ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያወዳድሩት የራስዎን ሞተር ቁጥር ይሆናል። እየሠሩ ሳሉ የተለወጡትን ኮንደንሰርና ሮተር ደግሞ አይጣሉ፤ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ያስቀምጧቸው፣ አዲሶቹ መንገድ ላይ ቢከዱ መልሰው የሚገጥሟቸው እነሱን ነው።